የተመላሽ ዘመድ አንቀጽ

መስከረም 21

ለወንድሜ ልጅ፣ ለድምቢጥ፦

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። ፈጣሪ ከምትወጪበትና ከምትገቢበት ደጅ አይለይ። እኔን ከጠየቅሽ እግሬ ቆሞ ይሄዳል፣ አፌም እንደምታውቂው አላረፈም።

መመረጥሽን የነገረችኝ ፋርማሲስቷ ናት፤ ያቺ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው የአገራችን ሴት። በሬን እየደበደበች «የወንድምሽ ልጅ የምክር ቤት አባል ሆነች!» ስትለኝ መጀመሪያ የሰማሁት «ታሰረች» ብላ መስሎኝ ተቀመጥኩ። የቤቶች ጽሕፈት ቤት ስለ አለቆችሽ ተናገርሽ ብሎ ካባረረሽ ወዲህ ስላንቺ ዜና በመጣ ቁጥር ክፉ ይመስለኛል። ቀጥሎ ነው የሳቅኩት። ቀጥሎ ደግሞ አለቀስኩ። እናትና አባትሽ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር! የሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ እጄ ላይ ስትወድቂ፣ ጫማሽን እንኳ ግራና ቀኙን ለይተሽ አታደርጊም ነበር። አሁን ለሰማንያ ሰው ሕግ ልታስተምሪ ነው።

እኔ እዚያው ሆስፒታል፣ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነኝ። በቀን አራት መቶ አንሶላ እናጥፋለን። አብራኝ የምታጥፈው ሴት ቋንቋዬን አታውቅም፣ እኔም የእሷን አላውቅም። አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘን እንቀራረባለን፣ እናጥፋለን፣ እንለያያለን። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሷ የበለጠ የቀረበኝ ሰው የለም ብልሽ ውሸት አይሆንም።

ስልክ አትደውዪልኝ፤ በስልክ ሁሉም ሰው «ደህና ነኝ» ይላል። ጻፊልኝ። ወንበርሽ የት ጋ እንደሆነ፣ ማን አጠገብሽ እንደሚቀመጥ፣ ሲያናግሩሽ ምን ብለው እንደሚጠሩሽ ሁሉንም ጻፊልኝ።

ያሳደገችሽ አክስትሽ

ጥቅምት 18

ለተከበሩ እቴቴ፦

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ ደረጃ የሚያስቸግረው ወገብዎስ? ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር ይስጥልኝ።

ወንበሬ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው፣ ከምሰሶ ጎን። አፈ ጉባኤው ሲናገሩ የማየው ግማሽ ፊታቸውን ነው። የመጀመሪያው ቀን ዘበኛው አስቆሞኝ «ሻይ የሚያቀርቡት በጓሮ በር ነው የሚገቡት» አለኝ። አባል ነኝ ስለው ወረቀቴን ሁለት ጊዜ ገልብጦ አየ። ከሰማንያ አንዱ አባላት በዕድሜ ትንሿ እኔ ስለሆንኩ የሚጠሩኝ «ልጅቷ» እያሉ ነው። «ልጅቷ ምን ትላለች?» ይባላል፤ ከዚያ የምለውን ማንም አያዳምጥም።

ያመጣሁትን ነገር ግን ይወቁልኝ። በቤቶች ጽሕፈት ቤት አምስት ዓመት በሦስተኛው መስኮት ስቀመጥ በየቀኑ የሰማሁት አንድ ነገር ነው፦ «በአሥራ አምስት ቀን ልቀቁ ተባልን።» አሥራ አምስት ቀን! አልጋ ለመፍታት እንኳ አይበቃም። አሁን ረቂቅ ጽፌያለሁ። ማንም ቤት አከራይ አንድ ዓመት ሳያስጠነቅቅ ተከራዩን እንዳያስወጣ የሚል ነው። ረቂቁ ያለው ኮሚቴው ዘንድ ነው። ሰብሳቢውን «መቀስ» ይሏቸዋል፤ በእጃቸው የገባ ረቂቅ ሁሉ አጥሮ ይወጣል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር ስበው ያስቀምጡኛል። ያስቀምጡኝና ይቆርጡኛል።

የምኖረው ከአንድ የፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለች ክፍል ውስጥ ነው። ሥራ ባለበት ቀን ሰው ይከበኛል። እሑድ ግን የራሴን ድምፅ የምሰማው ዳቦ ስገዛ ብቻ ነው። ይህን የምጽፍልዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ሁሉንም ጻፊልኝ ስላሉኝ ነው።

የወንድምዎ ልጅ፣ ድምቢጥ

ኅዳር 25

ለድምቢጥ፦

እንደምን አለሽ? ጸሎቴ ካንቺ ጋር ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቤቴን ታውቂዋለሽ፣ ውክልናውም በእጅሽ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከገባችበት ስድስት ዓመት ሆናት፤ ጥሩ ሴት ናት፣ አንድ ቀን እንኳ አስቸግራኝ አታውቅም። ቢሆንም በሁለት ወር ውስጥ እንድትለቅልኝ ንገሪያት። ልመለስ አስቤያለሁ።

ምን ሆነች ብለሽ አትጨነቂ። ሰው ወደ ቤቱ ልመለስ ሲል ምን ሆነ ይባላል? ጽሕፈቴ ቢወላገድ በብዕሩ ፍረጂ።

አክስትሽ

የካቲት 6

ለተከበሩ እቴቴ፦

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ሳልጽፍ ሁለት ወር በማለፉ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኮሚቴው ረቂቁን አራት ጊዜ መለሰው፤ አንዴ «ዓመት» የሚለው ቃል ይተርጎም ብለው ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። እኔም እያንዳንዱን አባል በየቢሮው እየዞርኩ ስለምን ሰነበትኩ። ወደ እርስዎ ሰፈር የሄድኩት ባለፈው ሳምንት ነው።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ፊት ለፊት ባለው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር አድርጋለች። ሦስቱ ልጆቿ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ይጽፋሉ። ገና ሳልቀመጥ ትከሻዬን ዐየችና «ይሄን ልብስ ለብሰሽ ነው ምክር ቤት የምትገቢው? ትከሻው እኮ ወርዷል!» አለችኝ። አስወለቀችኝ። በሸሚዝ ተቀምጬ እሷ ጃኬቴን እየፈታች ስትሰፋ፣ በአፏ መርፌ ይዛ «የኛን ሕግ መቼ ነው የምታጸድቁልን?» ስትለኝ፣ እንዴት ብዬ ልንገራት? ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

ትንሽ ይታገሡኝ፣ እቴቴ። ደግሞ ስለ ሕጉ አንድም ቃል አልጻፉልኝም። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው፣ እርስዎ ካልነገሩኝ ማን ይነግረኛል?

ድምቢጥ

መጋቢት 2

ለወንድሜ ልጅ፦

ይህን የምትጽፍልኝ ፋርማሲስቷ ናት፤ እኔ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ለሰው ሁሉ ቤት ስትጠብቂ የእኔን ረሳሽው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሌላው የሚፈልገውን ሲጠይቅሽ ረቂቅ ትጽፊለታለሽ፣ እኔ አንድ ነገር ብጠይቅሽ ሻይ ጠጥተሽ ትወጫለሽ። ሕግሽ ለማን እንደሆነ ልጠይቅሽ፦ እኔስ ሰው አይደለሁም? ቤቴ ልግባ አልኩ እንጂ የሰው ቤት ልግባ አልኩ?

ሌላ የምለው የለኝም። ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

አክስትሽ

*ከጸሐፊዋ፦ እህቴ፣ ሳላስነብባቸው የጨመርኩት ነው፤ ይቅር በይኝ። አክስትሽ ሥራ አልበዛባቸውም። ከጥቅምት ጀምሮ የቀኝ እጃቸው ጣቶች አልታዘዝ ብለዋቸው ከሥራ ቀርተዋል። ቁልፍ የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። ለማንም አትንገሪ ስላሉኝ ነው ዝም ያልኩት። የኪራይ ክፍላቸውንም በክረምቱ መጨረሻ መልቀቅ አለባቸው።*

መጋቢት 28

ለተከበሩ እቴቴ፦

እጅዎን እስማለሁ። ያንን እጅ። ሌላ ነገር ሳልጽፍ በፊት ይህን ልበል።

ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት መቀስ ቢሮአቸው አስጠሩኝ። ወንበር ሳቡልኝ። «ልጄ፣ ሕግሽ አያልፍም» አሉ። «አንዲት አንቀጽ ብታስገቢ ግን ያልፋል። ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ዘመድ ከሩቅ አገር ተመልሶ ሊኖርበት ከፈለገ፣ በአሥራ አምስት ቀን ይለቀቅለት። የሚመለስ ሰው ሜዳ ላይ ይደር እንዴ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነሥቼ እወጣ ነበር። ዘመድ የሌለው አከራይ የት አለ? ያን ቀን ግን በዓይኔ የነበሩት እርስዎ ነበሩ፣ በማይታዘዝ እጅ ቁልፍ ሲታገሉ። «ይግባ» አልኩ። ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ በራሴ እጅ።

ሕጉ በስድሳ ስድስት ድምፅ አለፈ። እስከዚያ ቀን ሰላም ብለውኝ የማያውቁ ሰዎች እጅ አወጡልኝ፣ ጨበጡኝ፣ ፎቶ አነሡኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ቢሆንም የእርስዎ ቤት ተከፍቷል። ለልብስ ሰፊዋ የሚሰጠውን ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፣ የጎደለው የእርስዎ መመለሻ ቀን ብቻ ነው። ይንገሩኝና ልጻፍበት።

ድምቢጥ

ሰኔ 10

ለተከበሩ እቴቴ፦

ለሁለት ደብዳቤ መልስ አላገኘሁም፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ደህና ነዎት ብዬ ላስብ?

ሕጌ ወንፊት ሆነ። ድሮ የተቀመጥኩበት ሦስተኛው መስኮት ላይ አሁን የሚሰጠው ቅጽ «ተመላሽ ዘመድ» ይባላል። በሁለት ወር ውስጥ ዘጠኝ መቶ ሰው በዚህ ቅጽ ልቀቅ ተብሏል። አንድ አከራይ ለአራት ቤት አንድ የአክስት ልጅ አስመልሷል፤ ሰውየው አራት ቦታ ያድራል ማለት ነው። ሌላው የሞተ ወንድሙን አስመለሰ። ፊት በአሥራ አምስት ቀን የሚያስወጣ አከራይ ቢያንስ ያፍር ነበር፤ አሁን ሕግ ይዞ ነው የሚመጣው፣ የኔን ስም የያዘ ሕግ።

ትናንት የምክር ቤቱ ደረጃ ላይ አንድ ጡረተኛ መምህር አገኙኝ። እቃቸው መንገድ ላይ እንደሆነ ከልብሳቸው ያስታውቃል። አልሰደቡኝም። ቀስ ብለው «ልጄ፣ ዘመድሽ ገባ ወይ?» አሉኝ። የማውቃቸው አይደሉም፤ ስለ እርስዎም ምንም አያውቁም። ለሁሉም የሚሉት ቀልድ ነው። እኔ ግን ደረጃውን መውረድ አቃተኝ።

ልብስ ሰፊዋም ጠራችኝ። «ሕጉን አንብቤዋለሁ» አለች። «ቀኑን አንቺ ራስሽ ንገሪኝ። በሰው እጅ አትላኪብኝ።» ገና አልነገርኳትም። የምነግራት ቀን የለኝም።

ይጻፉልኝ። ተቆጥተውም ቢሆን።

ድምቢጥ

ሐምሌ 9

ለድምቢጥ፦

ፈጣሪ ልብሽን ያረጋጋው። አሁንም የምትጽፈው ፋርማሲስቷ ናት፤ ደብዳቤዬ ላይ የጨመረችውን ስላወቅሁ ዛሬ አጠገቧ ተቀምጬ በዓይኔ እየተከተልኳት ነው።

ዝም ያልኩት ሆስፒታል ተኝቼ ነው። እጄን ቀደዱት፣ ሰፉት። በራሴ ልብስ ማጠቢያ በታጠበ አንሶላ ላይ ተኛሁ። የታጠፈበትን ሳየው ያቺ ሴት ብቻዋን እንዳጠፈችው ዐወቅሁ፤ ጫፉ አልገጠመም። ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ቢኖር ይህን ልነግረው እፈልግ ነበር።

ደብዳቤዎችሽን ከዚያ ስወጣ ሦስቱንም አንድ ላይ ሰማኋቸው። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ «በቃ» አልኳት፣ መስኮቱን ከፈትኩ። እኔ ተናድጄ የተናገርኩትን ቃል ወስደሽ ሕግ አደረግሽው? ሰው ለአክስቱ እቃ ይሸከማል፣ ሰው ለአክስቱ ይዋሻል እሺ፤ ሰው ግን ለአክስቱ ዘጠኝ መቶ ቤት ያፈርሳል? ደግሞ ጥፋቱን ላንቺ ብቻ አልተውም። እጄን ደብቄ ቤቴን የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ። እውነቱን ብነግርሽ ኖሮ ሌላ መላ እንመታ ነበር።

ለልብስ ሰፊዋ ጽፌላታለሁ፦ ልመጣ ነው፣ ከጓሮ ያለችውን እቃ ቤት አጽጂልኝ፣ እሷ ትበቃኛለች፣ አንቺ የትም አትሄጂም። በአምስት ቀን መለሰችልኝ። «መስኮት እናወጣላታለን» ብላለች። ሌላ ቃል የለውም።

በመስከረም እገባለሁ።

አክስትሽ

ነሐሴ 14

ለተከበሩ እቴቴ፦

እንኳን ከአልጋ አስነሣዎት። ያንን ዜና በወረቀት ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ለመጻፍ ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፤ ተውኩት።

አንቀጹ እንዲወጣ ማሻሻያ አቅርቤያለሁ። መቀስ ይህን ጊዜ ወንበር አልሳቡልኝም። 

«የራስሽን ሕግ ራስሽ ስታፈርሺ መራጭ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ተሳስታ ነበር ይላል።»

«ተሳስታ ነበር የተባለ አይመረጥም፣ ልጄ።»

«መራጩ ይወቀው» አልኩ። እሳቸውም «እኔ ሠላሳ ዓመት ያልተሳሳትኩት ለምን ይመስልሻል?» ብለው መነጽራቸውን ጠረጉ። ሊቆጡኝ ሳይሆን ሊያጽናኑኝ የፈለጉ መሰለኝ።

ሕዝብ የሚሰማበት ጉባኤ ጥቅምት 12 ነው። እርስዎ በሚገቡበት ሳምንት ምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ስለሆነ ልቀበልዎ አልችልም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ልብስ ሰፊዋ ትቀበልዎታለች። ለጉባኤው ግን እንዳይመጡ እለምናለሁ፤ ጋዜጠኞች አሉ፣ «ያቺ ዘመዷ ናት» ይሉዎታል።

ድምቢጥ

ጥቅምት 20

ለተከበሩ እቴቴ፦

አይምጡ ብዬዎት መጡ። ጉባኤው ላይ የተናገሩትን ቃል ግልባጭ ስለጠየቁኝ ከቃለ ጉባኤው እንዳለ ገልብጬ ልኬልዎታለሁ።

*ሰብሳቢ፦ ማን ነዎት?*

*ምስክር፦ ተመላሽ ዘመድ ነኝ። (ሳቅ።)*

*ሰብሳቢ፦ ለመሐላ እጅዎን ያንሡ። (ምስክሯ ቀኝ እጃቸው ስለማይነሣ ግራቸውን አነሡ።)*

*ምስክር፦ ይህ አንቀጽ የገባው ለእኔ ነው። የምክር ቤት አባሏ የወንድሜ ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። ልትደብቀው ትችል ነበር፣ እኔ ግን አልደብቅም። ቤቱ የእኔ ነው፣ በጉልበቴ ያቆምኩት። ልገባበት ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ሦስት ልጆች በአሥራ አምስት ቀን ወጥተው የሚገባበት ቤት ውስጥ ምን ብዬ እቀመጣለሁ? ዓመት መጠበቅ እችላለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄ የለ? ይህን አንቀጽ የሚፈልግ እውነተኛ ተመላሽ ካለ ይምጣና እዚህ አጠገቤ ይቁም።*

*(ማንም አልቆመም።)*

ማሻሻያው ዛሬ በአርባ አንድ ለሠላሳ ዘጠኝ አለፈ። መቀስ ተቃወሙ። ሲወጡ ግን «አክስትሽ መመረጥ የነበረባቸው እሳቸው ናቸው» አሉኝ።

ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ከጉባኤው በኋላ ኮሪደሩ ላይ የቆምንበት ሩብ ሰዓት። ለአሥራ ሁለት ዓመት ስናፍቅዎት ኖሬ ሳገኝዎት «ደህና ነዎት?» አልኩ፣ እርስዎም «ደህና ነኝ» አሉ፤ ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ ጠራኝና ሄድኩ። ስመለስ አልነበሩም። ከስተዋል። ሽበትዎ ከላኩልኝ ፎቶ በላይ ነው። አቅፌዎት እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። አቅፌዎት ነበር?

ድምቢጥ

ጥቅምት 3

ለድምቢጤ፦

ከጉባኤው ዓመት ሊሞላው ነው፤ ካንቺ የመጨረሻ ደብዳቤ ደግሞ አምስት ወር። ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው፤ የልብስ ሰፊዋ ትልቋ ልጅ በግራ መጻፍ እያለማመደችኝ ይኸው ተማርኩ። ፊደሉ ቢጣመም ታግሰሽ አንብቢው።

በዘንድሮው ምርጫ በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ መሸነፍሽን ከሰው ሰማሁ። አከራዮቹ አንቀጹን ስላወጣሽ፣ ተከራዮቹ መጀመሪያ ስላስገባሽ፣ ሁለቱም በየፊናቸው ሳይመርጡሽ ቀሩ አሉ። ምንም አልልሽም። ዘንድሮ እኔ ሰፈር ውስጥ በአሥራ አምስት ቀን ልቀቅ የተባለ ሰው የለም፤ ይህን ብቻ ልንገርሽ። ማን እንደሠራላቸው የሚያስታውስ ግን አንድም አላገኘሁም። ሕግ እንደ መንገድ ነው መሰለኝ፤ የሚሄድበት ሰው ማን ደለደለው አይልም።

እኔ ጓሮ ነኝ። መስኮት አውጥተውልኛል፣ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ልብስ ሰፊዋ ምግብ ትልክልኛለች፣ ዳቦዬን ቆርሳ፣ እንዳልቸገር። ግን እንዲህ ነው፦ ወደ ትልቁ ቤት ስገባ ልጆቹ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ይወዱኛል፤ ግን ባለቤት ነኛ። ከግድግዳው ማዶ ሲስቁ እሰማለሁ፣ ተነሥቼ ስሄድ ሳቁ ያልቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ባለሁበት ሆኜ ነው የምሰማው።

አቅፈሽኝ ነበር። ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ዓመት ሊሞላ ነው። አንድ እጅሽ ወረቀት ይዞ ስለነበር በአንዱ ብቻ ነው ያቀፍሽኝ። እኔም በአንዱ ብቻ ነበር የቻልኩት።

አሁንም ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ነሽ ይሉኛል። ለምን እንደማትመጪ ዐውቃለሁ፤ ያለ ወንበርሽ ፊቴ መቆም አፍረሽ ነው። ባሕር ማዶ ሳለሁ አለመገናኘታችንን ለውኃው አሳብቤ እኖር ነበር። አሁን መካከላችን የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ አራት ሰዓት ለሰበብ አይበቃም።

ቅዳሜ አውቶቡሱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል። እመጣለሁ ብለሽ አትጻፊልኝ፣ አልመጣም ብለሽም አትጻፊልኝ። እኔ ወጥቼ እቆማለሁ፤ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ።

አክስትሽ